ከዕፅዋት የሚዘጋጅ ምግብ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን የሚሰጠው ጥቅምና ወሰኑ

የሰው ልጅ አካል ከባክቴሪያ፣ ከቫይረስና ከሌሎች ባዕድ ነገሮች የሚጠብቀው የመከላከያ ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ወዳጅና ጠላትን መለየት ይሳነውና የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ከሚከሰቱት በሽታዎች መካከል የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎችን በዋናነት የሚያጠቃው ሩማቶይድ አርትራይተስ አንዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ 55 በመቶ ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነው። ይሁን እንጂ በሽታው የአረጋውያን ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን በማሳደግና ኑሯቸውን በማደራጀት ላይ ባሉ በ30ዎቹና በ40ዎቹ የዕድሜ ክልል በሚገኙ ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል።

በሽታውን ከነሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። በመሆኑም ብዙ ሕሙማን ከሐኪም ከሚሰጣቸው መድኃኒት ሌላ «ምን ብበላ ይሻለኛል? ምንስ ልተው?» ብለው መጠየቃቸው የሚጠበቅ ነው። ለጥያቄው ከሚሰጡት መልሶች መካከል ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተቆጥቦ በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ የተመሠረተ አመጋገብ መከተል የሚለው ዋነኛው ሆኖ ይገኛል። መልሱ መሠረት ያለው ቢሆንም፣ ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ሳይለዩ መከተል ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

በጤናማ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶች እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ፈሳሽ የሚያመነጭ ስስ ሽፋን አለ። በሩማቶይድ አርትራይተስ የተያዘ ሰው የመከላከያ ሥርዓት የሚያጠቃው ይህንን ሽፋን ነው። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይወፍራል። ብግነቱ ሳይገታ ከቀጠለም ልም አጥንቱን፣ ቀጥሎም አጥንቱን ራሱን እየበላ መገጣጠሚያው ቅርጹንና አገልግሎቱን እንዲያጣ ያደርጋል።

የበሽታው ምልክቶች ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች የሚለዩባቸው ባሕርያት አሏቸው። ሕመሙና እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በጣቶች አንጓ፣ በእጅ አንጓና በእግር ጣቶች ላይ ይጀምራል። በቀኝና በግራ በኩል በተመሳሳይ ሁኔታ መታየቱም የተለመደ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ መገጣጠሚያዎች ተሳስረው ለመፍታታት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ቀላል ትኩሳትም ሊኖሩ ይችላሉ። በሽታው በመገጣጠሚያ ሳይወሰን ሳንባን፣ ልብንና ዓይንን ሊጎዳ የሚችልበት አጋጣሚም አለ።

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ በአንድነት «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ተብሎ ሲጠራ ይሰማል። ይህ አጠራር ግን በባሕርያቸው የተለያዩ በሽታዎችን ያደባልቃል። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ላይ በመጠራቀሙ የሚመጣው ሪህ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት የሚነሳ ሲሆን፣ ሥጋና የአልኮል መጠጥ ማብዛት ያባብሰዋል። በዕድሜና በጫና ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ መሳሳት ደግሞ በተለይ ጉልበትንና ዳሌን ያጠቃል። የሦስቱም ሕክምና የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የተመከረ አመጋገብ ወይም መድኃኒት ለሌላው ይሆናል ብሎ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ምርመራ ከሁሉም መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው።

ስለ ምግብ ከመናገር በፊት ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ጊዜ የማይሰጥ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ የተበላ አጥንት ወደ ነበረበት አይመለስምና በሽታው በተጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሰጠው ሕክምና በቀጣዮቹ ዓመታት የሚኖረውን የሕይወት ሁኔታ ይወስናል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ የመገጣጠሚያ እብጠት የታየበት ሰው በ6 ሳምንታት ውስጥ የዘርፉ ስፔሻሊስት ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ፣ በሽታው ሥር የመስደድ ስጋት ካለውም በ3 ወራት ውስጥ ብግነቱን የሚገታ መድኃኒት ሊጀምር ይገባል። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ሜቶትሬክሴት በዓለም ዙሪያ በቅድሚያ የሚታዘዝ ነው።

የአመጋገብን ጥቅም የፈተሹ ጥናቶችም ሊታዩ የሚገባቸው ከዚህ አንጻር ነው። በመስኩ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው በኖርዌይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። በጥናቱ 53 የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ተሳትፈዋል። ከመካከላቸው 27ቱ በመጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ለሚደርሱ ቀናት የአትክልት ሾርባና ጭማቂን በመሳሰሉ ቀላል ፈሳሾች ብቻ ቆዩ። ከዚያም ለሦስት ወር ተኩል የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የሆነው ግሉተን የሌለበትን ንጹሕ የዕፅዋት ምግብ ተመገቡ። በቀሪው ጊዜም ወተትን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያለ ሥጋ አንድ ዓመት ሞሉ። ቀሪዎቹ 26 ሕሙማን የለመዱትን ምግብ ቀጠሉ። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን አባላት ያበጡና የሚያሙ መገጣጠሚያዎቻቸው ቁጥር፣ የጠዋት መተሳሰሩ ርዝመትና የእጃቸው የመጨበጥ አቅም ተሻሽሎ ተገኝቷል። ለውጡም ዓመቱ ሲያበቃ አልጠፋም ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በስዊድን የተካሄደ ሌላ ጥናት ይፋ ሆነ። በዚህ ጥናት 66 ሕሙማን በሁለት ቡድን ተከፍለው አንደኛው ግሉተን የሌለበትን የዕፅዋት ምግብ፣ ሁለተኛው ሥጋና ወተትን ያካተተ የተመጣጠነ ምግብ እንዲከተሉ ተደረገ። ለ9 ወራትና ከዚያ በላይ ከጸኑት መካከል በዕፅዋት ምግብ ቡድን ከነበሩት 22 ሰዎች 9ኙ በሕክምና መስፈርት የሚለካ መሻሻል ሲያሳዩ፣ በሌላው ቡድን ከነበሩት 25 ሰዎች ግን ይህንን መስፈርት ያሟላው አንድ ብቻ ነበር።

በቅርብ ዓመታትም ተጨማሪ ማስረጃዎች ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 44 ሕሙማን ለ16 ሳምንታት ቅባት የቀነሰ የዕፅዋት ምግብ፣ ለሌሎች 16 ሳምንታት ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተዘጋጀ እንክብል እንዲወስዱ ተደርጓል። በ28 መገጣጠሚያዎች ላይ ያለውን ሕመምና እብጠት መሠረት አድርጎ በሽታው ያለበትን ደረጃ የሚያሳየው መለኪያ በምግቡ ወቅት በአማካይ 2 ነጥብ ሲቀንስ፣ በእንክብሉ ወቅት የቀነሰው 0.3 ብቻ ነበር። ጥናቱን የመራው ድርጅት የዕፅዋት አመጋገብን የሚያራምድ መሆኑን ግን ማስታወስ ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በኔዘርላንድስ ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ያልተፈተጉ እህሎችን፣ ጥራጥሬንና አትክልትን ማዕከል ያደረገ አመጋገብን ከአካል እንቅስቃሴና ጭንቀትን ከማቃለል ትምህርት ጋር አጣምሮ ፈትሿል። በጥናቱ ከተመደቡት 83 ሕሙማን 77ቱ ያጠናቀቁ ሲሆን፣ ከ16 ሳምንታት በኋላ የበሽታው መለኪያ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸር በ0.9 ዝቅ ብሎ ታይቷል።

እነዚህ ውጤቶች ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም ከልክ በላይ ሊለጠጡ አይገባም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ነው። ተሳታፊው የሚበላውን ስለሚያውቅ ተስፋውና ስሜቱ በውጤቱ ላይ የራሱን ተጽዕኖ ማሳደሩ አይቀርም። አመጋገቡን አቋርጠው የወጡም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በፊንላንድ በ43 ሕሙማን ላይ በተካሄደ ጥናት ያልበሰለ የዕፅዋት ምግብ የተመገቡት መሻሻል እንደተሰማቸው ቢናገሩም፣ የላቦራቶሪና የሐኪም መለኪያዎች ይህንን በግልጽ አላረጋገጡም። ከመካከላቸው በማቅለሽለሽ ምክንያት ያቋረጡም ይገኙበታል።

የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የሚመክረው በአትክልት፣ በፍራፍሬ፣ በጥራጥሬ፣ በወይራ ዘይትና በዓሣ የበለጸገውን የሜዲትራኒያን አካባቢ አመጋገብ ነው። ንጹሕ የዕፅዋት አመጋገብን ጨምሮ ሌሎቹን ግን ማስረጃቸው ገና በቂ አይደለም በሚል በሕክምና ደረጃ አልመከራቸውም። በአንጻሩ ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጠንካራ ድጋፉን ሰጥቷል። ጥናቶቹ ሁሉ ሲደመሩ የሚሰጡት ትርጉም የሚከተለው ነው። የዕፅዋት ምግብ የበርካታ ሕሙማንን ሕመምና እብጠት ሊያቃልል ይችላል። አጥንት እንዳይበላ በመከላከል ረገድ ግን መድኃኒትን እንደሚተካ ያሳየ ጥናት የለም።

ምግቡ ይህንን ውጤት የሚያስገኘው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ ባለሙያዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው የሰውነት ክብደት ነው። በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ስብ ብግነትን የሚያነሳሱ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያመነጭ፣ ከመጠን በላይ ወፍራም የሆነ ሰው ክብደት ሲቀንስ ብግነቱም ጋብ ይላል። ከላይ በተጠቀሰው የአሜሪካ ጥናት ተሳታፊዎቹ በአማካይ 6.5 ኪሎ ግራም መቀነሳቸው ለውጤቱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት በአንጀት ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሽታው ገና በጀመራቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የተሰኘው ባክቴሪያ በዝቶ መገኘቱን አመልክቷል። በጥራጥሬ፣ በአትክልትና ባልተፈተገ እህል ውስጥ የሚገኘውን አሰር የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያረጋጉ አሲዶች ይፈጠራሉ። ከዚህም ሌላ የዕፅዋት ምግብ በሥጋና በቅቤ ውስጥ የሚበዛውን የሚረጋ ቅባት ይቀንሳል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ አይሆንም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን ረቡዕንና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት ጨምሮ በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀናትን ከእንስሳት ተዋጽኦ ተቆጥበው ያሳልፋሉ። ከዚህ የተነሣ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር፣ ተልባ፣ ሱፍና ሰሊጥ የሚገናኙበት የበለጸገ የጾም ገበታ ለዘመናት ዳብሯል። በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ሕሙማን እንደ አዲስ የሚማሩትን የምግብ አሠራር የአገራችን እናቶች ከእናቶቻቸው ተቀብለውታል።

የገበታው ይዘትም ጥናቶቹ ከተጠቀሙበት ምግብ ጋር የሚቀራረብባቸው ነጥቦች አሉ። ጤፍ ግሉተን የሌለው፣ ከነገለባው የሚፈጭና በብረትና በካልሲየም ይዘቱ ከብዙ እህሎች የተሻለ ነው። ሊጡ መቡካቱም ማዕድናት በሰውነት እንዳይሳቡ የሚያግደውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ጥራጥሬ ፕሮቲንና አሰርን አጣምሮ ይሰጣል። እንጀራና ምስር ወይም ሽሮ በአንድነት ሲበሉ የአንዱ ፕሮቲን የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ተልባ ደግሞ የኦሜጋ 3 ቅባት ዘር የሆነውን አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በብዛት ይዟል። ይሁንና ሰውነት ይህንን ቅባት በዓሣ ውስጥ ወደሚገኘው ዓይነት የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ነገር ግን «የጾም» ተብሎ የሚጠራ ምግብ ሁሉ ለሕመምተኛ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ሳንቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የድንች ጥብስ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ሁሉም የጾም ናቸው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከዕፅዋት ቢገኝም የሚረጋ ቅባት የሚበዛበት ነው። ወጡ በዘይት ሲጥለቀለቅና ጨው ሲበዛበት ከጥራጥሬው የሚገኘው ጥቅም ይቀንሳል። የኖርዌዩም ሆነ የኔዘርላንድሱ ጥናት የተመሠረተው በተፈጥሯዊ መልኩ በሚቀርብ አትክልት፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ላይ እንጂ ከሥጋ በመታቀብ ላይ ብቻ አልነበረም።

አንዳንድ ሰዎች ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና በርበሬ የመገጣጠሚያ ሕመምን ያባብሳሉ በማለት ያገልሏቸዋል። ለዚህ በቂ የሳይንስ ማስረጃ ስለሌለ ለሁሉም ሰው የሚሆን ክልከላ ሊደረግ አይገባም። አንድ ምግብ በተበላ ቁጥር ሕመሙ መነሣቱን ያስተዋለ ሰው ያንን ምግብ ለተወሰኑ ሳምንታት ትቶ ከዚያም መልሶ በመሞከር ሊያረጋግጥ ይችላል። እርድና ዝንጅብልን በወጥ ማጣፈጫነት መጠቀም አይጎዳም። በእንክብል መልክ የታሸጉትን ግን ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይመከርም።

የዕፅዋት ምግብን ከጾም ወቅት ውጭም ዓመቱን ሙሉ ለመከተል የሚወስን ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉድለቶች አሉ። ከሁሉ በላይ ቫይታሚን ቢ12 በዕፅዋት ውስጥ ስለማይገኝ በእንክብል ወይም በመርፌ መተካት አለበት። የዚህ ቫይታሚን እጥረት የደም ማነስንና የእጅና የእግር መደንዘዝን ያስከትላል። ብረትን በተመለከተ በምስርና በጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም መጨመር ሰውነት ብረቱን እንዲስብ ይረዳል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ይህንኑ ስለሚያግዱ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ሕመሙ ራሱ ጡንቻን ስለሚያሟሽሽ ከሲታ የሆኑ ሕሙማን ክብደት እንዳይቀንሱ መጠንቀቅና ጥራጥሬን፣ ለውዝንና ሰሊጥን አብዝተው መመገብ ይኖርባቸዋል።

አመጋገቡ ከመድኃኒት ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦችም የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ የጎንዮሽ ጉዳቱን ለመቀነስ በመሆኑ ሊቋረጥ አይገባም። በጎመንና በምስር ውስጥ የሚገኘው ፎሌትም የመድኃኒቱን ፈውስ ያጠፋል ተብሎ ሊፈራ አይገባም። መድኃኒቱ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ከአረቄ፣ ከጠጅና ከጠላ መቆጠብ አስፈላጊ ነው። ፅንስን የሚጎዳ በመሆኑም ለመውለድ የሚያስቡ ሴቶች አስቀድመው ለሐኪማቸው ማሳወቅ አለባቸው።

ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሕሙማን መድኃኒቱን በድንገት ማቆም የለባቸውም። ይህ መድኃኒት የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፣ አጥንትንም የሚያሳሳ በመሆኑ ጨውና ስኳር መቀነስ፣ በካልሲየም የበለጸጉትን ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ ማዘውተር ይገባል። ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ስለዚህ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ እህል ሳይቀምሱ የሚጾሙ ምእመናን፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ምሽት የሚጾሙ ሙስሊሞች የመድኃኒት ሰዓታቸውን ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል። በሕመም ምክንያት የጾሙን ሁኔታ ማሻሻል ካስፈለገም ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር ይቻላል።

በጸሎትና በጸበል የሚጽናኑ ወገኖችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይህንን ማድረግ ይችላሉ። ይዘታቸው በውል ያልታወቀ ቅጠላ ቅጠሎችንና ሥራ ሥሮችን ከሐኪም መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ መውሰድ ግን ጉበትንና ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል።

አመጋገቡን መሞከር የሚፈልግ ሰው መልክ ይዞ ሊጀምረው ይገባል። በቅድሚያ ለሐኪሙ ያሳውቃል፤ የደም ማነስና የብግነት ምርመራ ውጤቱንም ያስመዘግባል። ከዚያም ቢያንስ ለ3 ወይም ለ4 ወራት ምግቡን እየተከተለ ጠዋት መገጣጠሚያዎቹ ለመፍታታት የሚወስድባቸውን ደቂቃ፣ ያበጡትን መገጣጠሚያዎች ቁጥርና ክብደቱን በማስታወሻ ይይዛል። በመጨረሻም ምርመራው ተደግሞ ውጤቱ ይነጻጸራል። መሻሻል ከታየ መድኃኒቱን መቀነስ ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለውጥ ካልታየም ሕመምተኛው ራሱን ሊወቅስ አይገባም። በጥናቶቹም ውስጥ ቢሆን ምግቡ የረዳው ሁሉንም አልነበረም።

ከአመጋገቡ ጎን ለጎን ሲጋራ አለማጨስ፣ እንደ አቅም በእግር መሄድና መገጣጠሚያዎችን ማንቀሳቀስ እንዲሁም በቂ እንቅልፍ ማግኘት ትልቅ ድርሻ አላቸው። በተለይ ሲጋራ ለበሽታው መነሻ ከሚሆኑና ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ መሆኑ በሚገባ የተረጋገጠ ነው።

የቤተሰብ ድጋፍም ሊዘነጋ አይገባም። በሽታው በብዛት የሚያጠቃው ሴቶችን ነው። በብዙ ቤቶች ደግሞ ሊጡን የምታቦካው፣ ሽንኩርቱን የምትከትፈውና ውኃውን የምትቀዳው ጣቶቿ ያበጡባት እናት ራሷ ናት። ለእርሷ የተለየ ምግብ እንድታዘጋጅ መንገር ብቻውን ሸክም መጨመር ይሆናል። ቤተሰቡ በአንድ ገበታ አንድ ዓይነት ምግብ ቢመገብና ሥራውን ቢጋራ ግን አመጋገቡ ለሁሉም ጤና ይበጃል፤ ሕመምተኛዋም ብቻዋን አትቀርም።

በአጠቃላይ ከዕፅዋት የሚዘጋጅ ምግብ በአቅራቢያ የሚገኝና በጥንቃቄ ከተያዘ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕክምና አጋዥ ነው። ሽሮውና ምስሩ ከመድኃኒቱ ጎን ሲቀመጡ ይጠቅማሉ፤ በመድኃኒቱ ቦታ ሲተኩ ግን የማይመለስ ጉዳት እስኪደርስ ጊዜ ያባክናሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጣቶቹ በሁለቱም እጆቹ ላይ ያበጡበት፣ ጠዋትም ተሳስረው አልፈታ ያሉት ሰው «ቁርጥማት ነው፣ ያልፋል» ብሎ ሳይዘናጋ በሳምንታት ውስጥ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል።